የተፋቀ ጎማ

ሦስተኛውን ጥንድ ጎማ ልገዛ የሄድኩ ቀን ጎማ ሻጩ ሳቀብኝ። አሮጌዎቹን ከመሬት አንስቶ ገለባበጣቸውና፣ «ቲቸር፣ ታክሲ ሥራ ጀመርሽ እንዴ? ኧረ ታክሲም እንዲህ አይጨርስም!» አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎችም አብረውት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው ከሁሉም በላይ ደሜን የሚያፈላው ያ የራሴ ሳቅ ነው።

መኪናዬ ትንሽ ናት፤ አራት ሰው ከተጫነባት ዳገት ላይ ታቃስታለች። ደብረ ብርሃን ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤቱ ከቤቴ በእግር የሚደረስ ስለሆነ ለራሴ መኪና አያስፈልገኝም ነበር። የገዛኋት ለአባቴ ብዬ ነው። አባቴ ከአንኮበር ወዲህ ካለች አንዲት ደብር አጠገብ የሚኖር ካህን ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቁም ጸሐፊ ነበር። የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ ብራና አድርጎ፣ በሸምበቆ ብዕር ዳዊትና ድርሳን ሲጽፍ ኖሯል። ዓይኑ ሲደክም መጀመሪያ ፊደሉን አተለቀው። ቀጥሎ ቀዩን ቀለም ከጥቁሩ መለየት አቃተው። በመጨረሻ ብዕሩን ጠቅልሎ ሰቀለ። ሐኪሞቹ ሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ግፊት አለ፣ ጠብታው እንዳይቋረጥ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣ ይታይ አሉ።

ከቤቱ እስከ አስፋልቱ ያለውን ኮረኮንች በእግሩ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሁለተኛው ግንባሩ ተፈንክቶ መጣ። ያን ቁስል አይቼ ነው ያለኝን አሟጥጬ መኪናዋን የገዛሁት። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ደህና አለፈ። በያዘችው ጎማ አንኮበር ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ ጎማው ምንም አልሆነም። በክረምቱ ግን፣ ጉሙ ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ በማያሳይበት አንድ ጠዋት፣ ውሃ የሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ነው የመታኝ። ከዚያ በኋላ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ከአረርቲ ጤፍና ሽንብራ እየጫነ አዲስ አበባ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «እኔ የማውቀው ሰው አለ፣ ለሱ ስጭው» ብሎ ወደ አንድ ጋራዥ ላከኝ። የጋራዡ ባለቤት ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ጋሼ» እና «እርስዎ» እያልኩ ነው የማነጋግረው። መሪውን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የምታያይዝ፣ ቴስቲና የምትባል ዕቃ አለች፤ በግራም በቀኝም ተበልታለች አለኝ። በማግስቱ ስመለስ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ሁለቱንም በአዲስ ቀይሬያለሁ። አላይመንቱንም አስተካክያለሁ። እንግዲህ እንደ ባቡር ትሄድልሻለች።»

አላይመንት ማለት ሁለቱም የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው ወደፊት እንዲያዩ ማድረግ መሆኑን ያስረዳኝ እሱ ራሱ ነው። አመስግኜው፣ እጁን ጨብጬው ወጣሁ።

ጎማ መጨረስ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። መስቀል ሳይደርስ የፊቶቹ ሁለቱ ጎማዎች ተላጡ። ተመልሼ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ሰውዬው በሩ ላይ እንደቆመ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ መኪናዋን ከሩቅ ተመለከታት።

«ቲቸር፣ መኪናዋ ምንም የላትም። እናንተ ሴቶች መኪናው ቆሞ እያለ መሪ ታዞራላችሁ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ ነው የምትወርዱት። ይሄን የሚችል ጎማ ገና አልተሠራም።»

ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም። ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልኩም። ለወንድሜ ስነግረው፣ «እሱ ሠላሳ ዓመት የሠራበት ሙያ ነው። አንቺ መንጃ ፈቃድሽ ቀለሙ ገና አልደረቀም» አለኝና ወሬ ቀየረ።

አመንኳቸው። እውነቱን ልናገር ከተባለ አምኜ ብቻ አልቀረሁም፤ አነዳዴን ከሥር ከመሠረቱ ለወጥኩ። መኪናዋ ካልተንቀሳቀሰች መሪ አልነካም አልኩ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትኩ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው መውረድ ጀመርኩ። ከኋላዬ ሚኒባሶቹ ጥሩምባ ያንባርቁብኛል። አንዱ ሹፌር አጠገቤ ሲደርስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እናት፣ ከፈራሽ ውረጂና ግፊያት!» ብሎኝ አለፈ። ችዬ ዋጥኩት። ጎማው ይተርፋላ!

ጎማው አልተረፈም። ሁለተኛው ጥንድም እንደ መጀመሪያው ሄደ። አንዱ ነፋስ አሳነስሽ አለኝ፣ ሌላው ነፋስ አበዛሽ። አንዱ መንገዱ ነው አለኝ፤ በዚያው መንገድ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱት ሚኒባሶች ጎማቸው ለምን እንደማይላጥ ግን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ «ማረጋገጫውን ሳታዩ መልሱን አትቀበሉ» የምል ሰው ነኝ። ከክፍል ወጥቼ መኪናዬ ጋ ስደርስ ግን አንድ ሰው ሳይጎነበስ የሰጠኝን መልስ ተሸክሜ እዞራለሁ። ሦስተኛውን ጥንድ እየሳቅሁ የገዛሁት እንዲህ ሆኜ ነው።

ኅዳር ላይ የዓይን ቀዶ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ለሦስት ቀን ወደ ደብረ ብርሃን መጡ። የአባቴ ተራ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ነበር። ከዋዜማው ላመጣው ፈልጌ ነበር፤ እሱ ግን የደብሩ ንግሥ ስለነበር፣ «ታቦቱ ሳይገባ አልንቀሳቀስም» አለ። እኔም ወርጄ እዚያው አደርኩና ጎህ ሲቀድ ይዤው ተነሳሁ። ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ መቋሚያውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ጠብታውን በወረቀት ጠቅልሎ ደረቱ ኪስ ውስጥ ይዞታል።

ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሜዳው ልንወጣ ትንሽ ሲቀረን፣ ኩርባው ላይ ቀኝ የፊት ጎማችን ፈነዳ። መኪናዋ ወደ ገደሉ ጠርዝ ተጎተተች። መሪውን በሁለት እጄ፣ በሙሉ ሰውነቴ ያዝኩት። ቆመች። አባቴ «በስመ አብ» ብሎ አማተበና፣ «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ወርጄ ወደ አባቴ በኩል ዞርኩ። ዝቅ ብል ገደሉ ይታየኛል፤ በጎማውና በገደሉ መካከል የነበረው ርቀት ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም ነበር።

በግ እየነዱ ወደ ገበያ የሚወጡ ሁለት ሰዎች መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ ጎማውን ፈተው ስኮርታውን ገጠሙልኝ። ስኮርታ ያደረግሁት ከበፊቶቹ የተረፈውን ጎማ ነበር፤ እሱም ብዙ ሳይሄድ ተነፈሰ። ሰዎቹ ርቀዋል። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጢም ብሏል። አባቴን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩትና መንገዱ ዳር እጄን እያውለበለብኩ ቆምኩ። ፀሐይዋ እየወጣች ነው። ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ።

«እስኪ ያን የፈነዳውን አምጭልኝ» አለኝ አባቴ።

«ምን ያደርግልሃል አባባ? ጋቢህን ያቆሽሻል።»

«አምጭው ብያለሁ።»

አንከባልዬ ወሰድኩለት። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብሰብ አድርጎ ጎማውን በጉልበቶቹ መካከል አቆመውና በጣቶቹ ጫፍ መዳሰስ ጀመረ። ብራና የጨረሰ እንደሆነ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ከዳር ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሮ። ውጭ በኩል ያለው ጠርዝ ላይ ጥርሱ አሁንም አለ። ወደ ውስጥ በኩል ሲደርስ ክሩ ወጥቷል።

«ይህ አላለቀም» አለ። «ተፍቋል።»

«ያው አይደለም እንዴ?»

«ያው አይደለም። ቢያልቅ ኖሮ ሁሉም እኩል ባለቀ። እጅሽን አምጭ። ወደዚህ ስትዳስሽው ለስላሳ ነው። አሁን መልሽው፤ ይነክስሻል። በአንድ ወገን ብቻ እየተጎተተ ሲፋቅ ነው እንዲህ የሚሆን። መፋቂያውን አጣሞ የያዘ ተማሪ የሠራው ቆዳ እንዲህ ይሆናል።»

«የእኔ አነዳድ ነው አሉ እኮ አባባ። ፍሬን ታበዣለሽ ነው የሚሉኝ።»

ወደ ድምፄ ዞረ። «አንቺ በጎንሽ ነው እንዴ የምትነጅ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ሲቀጣጠል ተሰማኝ።

አንድ ሚኒባስ ቆመልን። ሁለት ሰዎች ተነስተው ለአባቴ ቦታ ሰጡት። ሆስፒታሉ ስንደርስ ቀትር አልፏል። ሐኪሞቹ መሣሪያቸውን ሳጥን ውስጥ እየከተቱ ነበር። ነርሷ አባቴን ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አባ፣ ስምዎ ሦስት ጊዜ ተጠራ እኮ» አለችው።

ለመንኳት። ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰች፤ መኪናቸው እየጠበቃቸው ነው፣ ዳግም የሚመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው አለችን። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ፤ የዚያ ወረፋ ከፋሲካም የራቀ ነበር። አባቴ አንዲት ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋን በማግስቱ አስጎትቼ ተፈናቃዮቹ ከሚኖሩበት መጠለያ አጠገብ ቆርቆሮ ተክሎ ጎማ ከሚሠራ ጎሚስታ ዘንድ አመጣኋት። እሱን የመረጥኩት ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው። ወለጋ ሳለ የራሱ ጋራዥ ነበረው፤ ከቤቱ ጋር አብሮ ተቃጠለ። አሁን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሸራ ሥር ይኖራል። ይህን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው እንጂ ያን ቀን ስለ ራሱ አልተናገረም። የፈነዳውን ጎማ አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ከዚያ አንድ የካርቶን ቁራጭ አነጠፈና ሳይናገር ከሥሯ ገባ።

ሲወጣ፣ «እህቴ፣ ይህችን መኪና መጨረሻ የነካት ማን ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ቴስቲናው በሁለቱም በኩል መቀየሩንና አላይመንቱም መሠራቱን ጭምር።

«ሁለቱም ተቀይሯል ነው ያሉሽ?»

«አዎ።»

«ነይ፣ ዝቅ ብለሽ እይ።»

ቀሚሴን ሰብስቤ ካርቶኑ ላይ ተጋደምኩ። በባትሪ አበራልኝ። በቀኝ በኩል ያለችው ቴስቲና አዲስ ናት፣ ታብረቀርቃለች። በግራ በኩል፣ ጉድጓድ ውስጥ በገባው ጎማ በኩል ያለችው አሮጌዋ ናት። በናፍጣ ታጥባ ነበር፤ ላስቲኳ ተቀዷል፣ ጥርሱ ላይ ያለው ዝገት የዓመታት ነው። በእጁ ሲወዘውዛት እንደሚወልቅ ጥርስ ተነቃነቀች።

ቀጥሎ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገና ሲባጎ ሰጠኝ። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን እሱ። በፊት በኩል ያለውን ርቀት ለካን፤ ቀጥለንም በኋላ በኩል ያለውን። የፊቱ ከኋላው በአውራ ጣቴ ስፋት ያህል በለጠ።

«አየሽ? ጎማዎችሽ ተጣልተዋል» አለኝ። «አንዱ ወደ መዘዞ ልሂድ ይላል፣ አንዱ ወደ ደነባ። አንቺ ደግሞ በመሃል ቀጥ አድርገሽ ትነጃለሽ። ስለዚህ ጎማው መሽከርከር ብቻ አይደለም፣ ወደ ጎን ይጎተታል። የውስጥ ጠርዙ አስፋልቱ ላይ ሲፋቅ ይውላል። በዚህ አያያዝ ከወርቅ የተሠራ ጎማ ብትገጥሚም አይበረክትልሽም።»

«አነዳዴስ?»

«አነዳድሽ ምን አደረገ?» አለኝ። የጠየቅሁት ነገር ጨርሶ አልገባውም።

ሲባጎውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን መሄዳቸውን በሁለት ቦታ ለክቶ ማረጋገጥ ለዘጠነኛ ክፍል የማስተምረው ነገር ነው። አንድ ክር የሚፈታው ነገር ነበር። አንድ ክር! ያን ሁሉ ጊዜ ክር ይዤ ያልጎነበስኩት ጥፋቱ መኪናዋ ውስጥ ሳይሆን እኔ ውስጥ ነው ስለተባልኩ ነው። እሱ ከከተማ ገዝቼ ባመጣሁለት ቴስቲናዋንም የፈነዳውንም ጎማ ቀይሮልኝ፣ በክር የቻለውን ያህል አስተካክሎ፣ «ይሄ እስከ ከተማ ያደርስሻል፤ ዛሬውኑ በማሽን አሠሪው» አለኝ። አሮጌዋን ቴስቲና በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በማሽን አሠርቼ እንደጨረስኩ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ነዳሁ።

ሰውዬው ከሁለት ሠራተኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። ጋዜጣውን ፈትቼ ቴስቲናዋን እግሩ ሥር ጣልኳት።

«ይህች ምንድን ናት?»

አያት። «ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ምነው ተቆጣሽ?»

«ሁለቱንም ቀይሬያለሁ አላልከኝም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኩት። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ።

«ያኔ ዕቃው ጠፍቶ ነበር፤ አንዷን ብቻ ነው ያገኘሁት። ያችኛዋ ደግሞ ደህና ነበረች፣ ትንሽ ጊዜ ታገለግል ነበር።»

«አላይመንቱስ? በምን ለካኸው?»

«እኔ ማሽን አያስፈልገኝም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው፤ በዓይኔ አይቼ ነው የማስተካክለው።»

በዓይኔ አለኝ! ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አላስታውሰውም። ድምፄ እስከ መንገዱ ተሰምቶ ሰዎች ቆመው ሲያዩ እንደነበር ነግረውኛል። አባቴ ገደል ጠርዝ ላይ እንደነበር ነግሬዋለሁ። ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ እንዳልተገኘ ነግሬዋለሁ። ጎማዬ ተልጦ ብመጣ ሳትጎነበስ ሴት ነሽ ብለህ መለስከኝ ብዬዋለሁ። እሱ ስልኩን አወጣ።

«ከአንቺ ጋር አልነጋገርም። ወንድምሽን አነጋግረዋለሁ» አለ።

ማታ ራት ላይ ሳለሁ ወንድሜ ደወለ። ድምፁ ቀለል ብሏል።

«ሰውዬው ደውሎልኝ ነበር። አፍሯል። ይቅርታ ጠይቋል፤ በቃ ተይው።»

«ማንን ነው ይቅርታ የጠየቀው?»

«እኔን ነዋ።»

«አንተን? አንተ ምን ሆነህ?»

«እንግዲህ እኔ አይደለሁ የላክሁሽ። ሽማግሌ ነው፣ በሰው ፊት አዋረድሽው እኮ።»

«አባባስ? የአባባን ዓይን ማን ይቅርታ ይጠይቀው?»

እኔ አላቆምኩም። መንጃ ፈቃድሽ ቀለሙ አልደረቀም ያለኝን፣ አንድ ቀን መኪናዋ ሥር ገብቶ አለማየቱን፣ ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ላይ የሚኖር ሰው ሆኖ የዚያን ጎማ ውስጡን ገልብጦ አለማየቱን፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲያ አምስት ወር አልተነጋገርንም።

ሐኪሞቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ። አባቴን አንድ ቀን ቀደም ብዬ ቤቴ አመጣሁት። ግራ ዓይኑን ቀደዱለት፤ ደህና ሆነ፣ ዛሬ የሰው ፊት ይለያል፣ መንገድ ያያል። ቀኙን ግን ሐኪሙ መርምሮ፣ «አባ፣ ይህኛው ብርሃኑ አልቋል፤ ብነካውም አይመለስም» አለው። እኔ ሐኪሙን ውጭ ጠብቄ፣ ኅዳር ላይ ደርሰን ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ምናልባት። ያኔም ረፍዶበት ሊሆን ይችላል። ማወቅ አይቻልም» አለኝ። እንግዲህ ይህን «ምናልባት» ይዤ ነው የምኖረው። ይተርፍ ነበር ቢለኝ ሰውዬውን ሙሉ በሙሉ እጠላው ነበር። አይተርፍም ነበር ቢለኝ ደግሞ ቁጣዬ ትንሽ ይበርድ ነበር። ሁለቱንም አላገኘሁም።

ወንድሜ ሆስፒታሉ መጣ። የአባቴን ዓይን በፋሻ ታሽጎ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወጥተን ግቢው ውስጥ ስንቆም፣ «ባየው ኖሮ በአንድ ደቂቃ እለየው ነበር። አላየሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ያችን ቃል ከሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር እንባዬ መጣ፤ ቁጣዬ ግን ሁሉም አብሮት አልወጣም። ለወንድሜ የነበረኝ ወጣ፤ ለጋራዡ ሰውዬ የነበረኝ ቀረ።

ጎማው? ይኸው ከዚያ ወዲህ ጎማ አልቀየርኩም። ያው መንገድ ነው፣ ያቺው መኪና ናት፣ ያው አነዳድ ነው። ኧረ አነዳዴስ ፈጥኗል፤ እንደ ድሮው በሁለተኛ ማርሽ አልጎተትም። ከአንኮበር ስመለስ ጎሚስታው ዘንድ ቆሜ ነፋስ አስሞላለሁ። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ወደ እሱ እንዲሄዱ አድርጌያለሁ፤ ለሁለት ሴት መምህራን ጎማቸውን ውስጡን በእጃቸው እንዲዳስሱ አሳይቻለሁ። ጋራዡም እንደተከፈተ ነው። በሩ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ አየዋለሁ። ሰላም አይለኝም፣ ሰላም አልለውም።

ባለፈው ጾም አባቴ ቤቴ ሰንብቶ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለዚያ ሰው ክፉ ስናገር ሰማኝና፣ «ልጄ፣ ይቅር በይው። ቂም ይዘሽ እንዴት ትጾሚያለሽ?» አለኝ።

«አልጠየቀኝም እኮ አባባ» አልኩት። «ወንድሜን ጠየቀ፤ እኔን አልጠየቀኝም። አንተንም አልጠየቀህም። ያልተጠየቅሁትን ለማን ልስጥ?»

አባቴ ሰው ሲናዘዝ ሲሰማ የኖረ ካህን ነው። ለዚህ መልስ አያጣም ብዬ ጠበቅሁ። በደህናው ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ፤ መቋሚያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ።